ሳይቃጠል በቅጠል፤ ነገር ግን በየትኛው ቅጠል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ጉዳት ከመድረሱ በፊት በጥቂት ድካም መከላከል እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን ግን ብሂሉን በምሳሌነቱ ብቻ ሳይሆን በቀጥተኛ ትርጉሙም ልንመለከተው እንወዳለን። ይኸውም የፀሐይ ቃጠሎ የሰውን ቆዳ እንዳይጎዳ ቅጠልና የቅጠል ጭማቂ ምን ያህል ይረዳል? ከቅጠሎችስ መካከል የሚረዳው የትኛው፣ የሚጎዳውስ የትኛው ነው? የሚለውን ጥያቄ ነው።

አርብ ገበያ ስሟ እንደሚመሰክረው የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከታች ጋይንትና ከአጎራባቹ አገር የሚመጣው ሕዝብ እህሉንና ቅቤውን ዘርግቶ፣ ከብቱን አቁሞ፣ ከረፋድ እስከ ማምሻ በፀሐይ ላይ ይውላል። ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ፣ ሽማግሌዎች በምርኩዛቸው ላይ እንዳሉ ፀሐዩ ከአናታቸው አይወርድም። ስለ ፀሐይና ስለ ምች ነገር በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ቅጠል ይጠራል፤ አንዱ ዳማ ከሴ፣ ሌላው ጤና አዳም፣ ሌላው እሬት ይላል። መምህራንም እነዚህ ቅጠሎች በእውነት ይረዱ እንደሆነ ተማሪዎቻቸው ቢጠይቋቸው በልበ ሙሉነት ሊመልሱ ይገባልና ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ስለ ፀሐዩ ጥቂት እንበል። ፀሐይ ከምትሰጠን ብርሃንና ሙቀት ጋር በዐይን የማይታይ፣ አልትራ ቫዮሌት የሚባል ጨረር ትልካለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ከባሕር ጠለል ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ይህ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ከጉና ደጋ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ አፋፍ ድረስ የሚኖረው ሕዝባችን ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ፀሐዩ ደካማ መስሎት ሊታለል አይገባውም። ሙቀትና ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደጋው ይበርዳል፤ ጨረሩ ግን በደጋው ይበረታል። በዚህም ላይ አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች፣ በአርብ ገበያ ሰማይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነሐሴ ደመናም ቢሆን ስስ በሆነ ጊዜ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ይህ ጨረር ወደ ቆዳችን በገባ ጊዜ የሚሠራውን ጉዳት ሊቃውንት በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ወገን የቆዳ ሕዋስን ባሕርይ ጽፎ የያዘውን ዲ ኤን ኤ የተባለውን ረቂቅ ክር በቀጥታ እየመታ የፊደሎቹን አያያዝ ያበላሻል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያስቆጣና ያገኘውን ሁሉ እንዲያዝግ ያደርገዋል፤ ብረት በዝናብ እንደሚዝግ ማለት ነው። ሕዋሱ የተበላሸውን የሚጠግንበት ብልሃት አለው። ሆኖም ጉዳቱ በየቀኑ ሲደጋገም ጥገናው ይዘገያል፤ ሳይጠገን የቀረው ስሕተትም እየተጠራቀመ ከብዙ ዓመት በኋላ ቆዳን ያስረጃል፣ አልፎም ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ፈጣሪ ለጥቁር ሕዝብ በቆዳው ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም እንደ ጃንጥላ ዘርግቶለታል። ስለዚህ በቆዳ ካንሰር የመያዛችን ዕድል ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ማለት ግን ፀሐይ አይነካንም ማለት አይደለም። ከንፈራችንና ዐይናችን ይጎዳሉ፤ በፊታችንም ላይ ማድያት ይወጣል። ከሁሉም ይልቅ ልባችንን የሚያሳዝነን አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ያለዚህ ቀለም የተወለዱት ወገኖቻችን ናቸው። እነዚህ ልጆች ጃንጥላ ሳይሰጣቸው ወደ ሜዳ እንደ ወጡ ናቸው። ሳይጠበቁ ካደጉ ገና በወጣትነታቸው በጆሮአቸው፣ በከንፈራቸው ወይም በአንገታቸው ላይ የማይድን ቁስል ይወጣባቸዋል፤ ቁስሉም በጊዜ ካልታከመ ለሞት የሚያደርስ ካንሰር ይሆናል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱን እናውቃለን። በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በእኩለ ቀን በሜዳ ላይ ሰልፍ ተሰልፎ ሳለ ባርኔጣውን እንዲያወልቅ ታዘዘ። ያዘዘው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሥርዓት ማስከበሩ ነበር። በማግሥቱ ልጁ ግንባሩና ጆሮው ተልጦ፣ ትከሻው አብጦ መጣ። እናቱም በጎረቤት ምክር አንድ ቅጠል ወቅጣ ቀብታው ነበር፤ ቅጠሉም ቃጠሎውን አባሰበት እንጂ አላዳነውም። የእኛን ብዕር ያነሣሣው ይህ ነገር ነው።

ታዲያ ቅጠል ምንም አይረዳም ልንል ነውን? አይደለም። ተክል ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ጥላ መሄድ የማይችል ፍጥረት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ራሱን የሚከላከልበት ነገር በቅጠሉ ሽፋን ውስጥ ያዘጋጃል። ሊቃውንት ፖሊፌኖል ብለው የሚጠሯቸው እነዚህ ቅመሞች ከፊሉን ጨረር ይውጣሉ፤ በሕዋሱ ውስጥ የተቆጣውንም ኦክስጅን ያበርዳሉ። ብርቱ ፀሐይ የሚያገኘው ተክል እነዚህን ቅመሞች አብዝቶ ይሠራል። የሰው ልጅም ተክል ለራሱ ያዘጋጀውን መድኃኒት ለራሱ ቆዳ ሊዋሰው ማሰቡ ብልህነት እንጂ ሞኝነት አይደለም።

የተገኘውም ውጤት የሚናቅ አይደለም። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በሰው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ጨረር በተለቀቀበት ጊዜ መቅላቱ ቀንሷል፤ የተጎዱት ሕዋሳትም በቁጥር አንሰው ተገኝተዋል። በእህል ገለባና ብጣሪ ውስጥ የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድ ከቫይታሚን ሲና ከቫይታሚን ኢ ጋር ተቀላቅሎ በአሳማ ቆዳ ላይ በተሞከረ ጊዜ፣ የሁለቱ ቫይታሚኖች የመከላከል ኃይል ከ4 ወደ 8 እጥፍ ግድም ከፍ ማለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የጀርመን አገር ጥናት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ለ10 ሳምንት በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከወይራ ዘይት ጋር ሲመገቡ ቆይተው ጨረር ቢለቀቅባቸው፣ የቆዳቸው መቅላት ካልተመገቡት በ40 በመቶ ያህል አንሶ ታይቷል።

ነገር ግን አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። መቅላቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም። የተሞከረውም በጥቂት ሰዎች ላይና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከጥቂት ሳምንት መቅላት ወደ ዕድሜ ልክ ጤና መዝለል ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን የሚያስረዳ ትልቅ ምስክር በአውስትራሊያ አገር አለ። በዚያ አገር ናምቡር በምትባል ከተማ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. 1,621 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሁለት ነገር ተፈተነባቸው። ከፊሎቹ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ እንዲቀቡ ተደረገ። ከፊሎቹም ካሮትን የሚያቀላውን ቤታ ካሮቲን የተባለ የተክል ቀለም በየቀኑ በእንክብል እንዲውጡ ተደረገ። በመጨረሻ ቅባቱን በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች፣ አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን አብዝቶ ከሚያጠቃው የቆዳ ካንሰር ዓይነት፣ ያገኛቸው በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የተክሉን ቀለም በእንክብል የዋጡት ግን ከቆዳ ካንሰር አንዳች ጥቅም አላገኙም። እንዲያውም ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ ሲጋራ በሚያጨሱ ወንዶች ዘንድ ይኸው እንክብል የሳንባ ካንሰርን በ18 በመቶ አብዝቶት ተገኝቷል። ካሮትን መብላት መልካም ነው፤ ከካሮት የወጣውን ቀለም አብዝቶ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተክል መገኘት ብቻውን የደግነት ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ቅጠሎች እንመለስ። በአገራችን ፀሐይና ሕመም በአንድነት የሚጠሩበት ትልቁ ስም ምች ነው። ላብ እንዳለው ወደ ፀሐይ የወጣ፣ ወይም ምግብ ሸትቶት ፀሐይ ያገኘው ሰው ምች መታው ይባላል። ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩም ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል። ያን ጊዜ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይሸተታል፣ ይታሻል፣ ይጠጣል። አባቶቻችን በዚህ ነገር የተመለከቱት እውነት አለ። በከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን፣ ቫይረሱ በሰው ገላ ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ብርቱ ፀሐይ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ፀሐይ ወጥቶ ከንፈር መቁሰሉ ተረት አይደለም። የዳማ ከሴ ቅጠልም በቤተ ሙከራ በአይጦች ላይ ተፈትኖ ትኩሳትን እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ተገልጿል።

ይሁን እንጂ ትኩሳትን ማብረድ ሌላ፣ ቆዳን ከጨረር መጋረድ ሌላ ነው። ዳማ ከሴ የተቀባ ሰው ከፀሐይ የተጋረደ እንዳይመስለው። ደግሞም ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለም። ከቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው ምናልባት ወባ ሊሆን ይችላልና፣ በዳማ ከሴ አንድ ቀን ሁለት ቀን እያሉ ከመቆየት ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሕይወትን ያድናል።

ከዳማ ከሴ ይልቅ እጅግ የምንፈራው ጤና አዳምን ነው። ስሙ መልካም ነው፤ በቡናም ላይ መዓዛው ይጣፍጣል፤ ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ጥሬ ቅጠሉ በቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ያገኘው እንደ ሆነ፣ በውስጡ ያሉት ፉሮኩማሪን የተባሉ ቅመሞች የጨረሩን ኃይል እየተቀበሉ ቆዳውን ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውኃ ቋጥሮ ይወጣል፤ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሎሚም እንዲሁ ነው። ፊትን ለማጥራት ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ፊትን ማጥቆር እንጂ ማጥራት አይደለም። በግብፅ አገር ከዚሁ ወገን የሆነ ቅመም ያለው ተክል ለለምጽ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው፣ ፀሐይ በቆዳ ላይ የምትሠራውን ሥራ ስለሚያበረታ ነው። በሐኪም እጅ ተመጥኖ መድኃኒት የሚሆነው ይህ ኃይል በገበያ ሜዳ ላይ እሳት ይሆናል። ከፍ ብለን ያነሣነው ልጅ የተቀባው ቅጠል የትኛው እንደ ነበረ እናቱ በትክክል አላስታወሰችም፤ ምክራችን ግን ለሁሉም ይሠራል። የማታውቁትን ጥሬ ቅጠል ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፤ በሕፃን ገላ ላይም አታሹ።

እሬትን በሚመለከት፣ ዝልግልግ ፈሳሹ የተቃጠለን ቆዳ ቀዝቀዝ በማድረግ ሊያሳርፍ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ከቃጠሎ በኋላ ነው፤ ጨረሩን አይመልስም። ቅቤም ፀጉርን ያለሰልሳል እንጂ ቆዳን ከፀሐይ አይጋርድም።

አንዳንድ ሰው «እናንተ የቢሮ ሰዎች የአባቶቻችንን ቅጠል ትንቃላችሁ» ይለን ይሆናል። ነቀፋውን አንቀበለውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው አልፈው አልሄዱም፤ ነገሩን በምርመራ ፈትነው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ከፍ ያለ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ የአባቶችን ቅጠል ማክበር ማለት እንደ እርሳቸው መፈተን ነው፤ የተነገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ በልጅ ገላ ላይ መቀባት ግን ማክበር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኛን አሳብ በግልጽ እንናገራለን። ተክል ከፀሐይ የሚጠብቀን በሦስት መንገድ ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ዛፍ ሆኖ በጥላው፣ እንዲሁም ሣርና ጥጥ ሆኖ በባርኔጣና በልብስ ነው። ሁለተኛው አትክልትና ፍራፍሬ ሆኖ በገበታችን ላይ ነው። ጭማቂና ቅባት ሆኖ የሚረዳን በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ እርሱም ተመርምሮ፣ ተመጥኖ፣ በመድኃኒት ቤት ሲሸጥ ነው። ሕዝባችን ግን ነገሩን ገልብጦ ከሦስተኛው ይጀምራል። ከጭማቂው በፊት ጥላው ይቅደም እንላለን።

ጥላውም ዓይነት አለው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ስስና የተንጠለጠለ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል። እንደ ዋንዛና እንደ ዋርካ ያለው ሰፊ አክናፍ ያለው ዛፍ ግን የከበረ ጥላ ይሰጣል። በደቡብ ጎንደር ዛሬ የቀረው የአገር ዛፍ አብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውስጥ ነው። ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ከዛፉ ሥር ሲያርፉ ጥላ ምን እንደ ሆነ ያውቁታል። ታዲያ የደብሩ ቅጥር ያለው ጥላ ለትምህርት ቤቱ ግቢና ለገበያው ሜዳ ስለ ምን ይነፈጋል? ዛሬ የተተከለ ችግኝ የሚያጠላው ለእኛ ላይሆን ይችላል፤ አሁን አንደኛ ክፍል ለገባው ልጅ ታናሽ ወንድም ግን ይደርሳል።

ከስንደዶና ከአክርማ ሞሰብ የምትሰፋ እናት ጆሮንና አንገትን የሚሸፍን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ መስፋት አያቅታትም። ደራርቦ የተሠራው ጋቢም ከስሱ ነጠላ ይልቅ ጨረርን ይከላከላል።

ለመምህራን የምናቀርበው ልመና ይህ ነው። የቀኑ ጨረር 60 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ፣ ሰልፍና ስፖርት በተቻለ መጠን ከዚህ ሰዓት ውጭ ይሁን። ሰዓት የሌለው ልጅ በጥላው ይለካ፤ ጥላው ከቁመቱ ሲያጥር ፀሐዩ በርትቷልና ወደ ዛፍ ሥር ይግባ ብላችሁ አስተምሩ። ይህ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ ትምህርት ነው። አልቢኒዝም ያለበት ተማሪ ካላችሁ ባርኔጣውና እጀ ረጅም ልብሱ እንደ መነጽር የሚቆጠር የጤና መሣሪያው መሆኑን ዕወቁለት። ዐይኑም ከሩቅ ማየት ያቅተዋልና ከሰሌዳው አጠገብ፣ ከመስኮት ብርሃን ርቆ ይቀመጥ። በቆዳው ላይ ከአራት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ብታዩ ወላጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ለእርሱ የመድኃኒት ቤቱ መከላከያ ቅባት እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባም። በታንዛንያ ሞሺ ከተማ ይህን የመሰለ ቅባት ለእነዚሁ ሰዎች ተብሎ በአገር ውስጥ መቀመም ተጀምሯል፤ የእኛም አገር ይህን እንድትከተል እንመኛለን። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሰኔ 6 ቀን የአልቢኒዝም መታሰቢያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። ያን ዕለት በትምህርት ቤታችሁ አንድ ችግኝ ብትተክሉ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

በመጨረሻ ምክራችን በስሕተት እንዳይተረጎም አንድ ቃል እንጨምራለን። ፀሐይ ጠላት አይደለችም። ገላችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በእርሷ ነው። ሕፃንን ምች ይመታዋል ብሎ ጨለማ ቤት ውስጥ ሸፋፍኖ ማኖር አጥንቱን አለስልሶ እግሩን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ሕፃናት ልብሳቸው ተገልጦ የማለዳ ፀሐይ ይሙቁ፤ ቆዳቸው ቀለም ለሌላቸው ሕፃናት ግን ወላጆች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል አባቶቻችን። እኛም እንላለን፤ ከሁሉ የሚሻለው ቅጠል በዛፉ ላይ እንዳለ ከላያችን ሆኖ የሚያጠላው ነው። ያ ልጅ ዛሬም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመላለሳል። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ የሚያወርድበት እንዳይኖር፣ ከሚቆምበትም ሜዳ አንድ ዋንዛ እንዲበቅል ማድረግ የሁላችን ፋንታ ነው።